የላኪዎች ሽልማት ምሽት ላይ እናቴን ይዤ ሄድኩ

በዚህ ሳምንት ስለ አንድ እራት ልነግራችሁ ነው። እራቱ አዲስ አበባ ውስጥ፣ በአንድ ትልቅ ሆቴል አዳራሽ የተዘጋጀ የላኪዎች የሽልማት ምሽት ነበር። ሁለት የጥሪ ካርድ ደርሶኝ ነበር። አንዱን ለራሴ ያዝኩ፤ ሌላውን ለእናቴ ሰጠኋት።

መጀመሪያ «ላኪ» የሚለውን ቃል እንያዝ። «ላከ» ከሚለው ግስ የመጣ ነው። ደብዳቤ የጻፈ ሰው ላኪ ነው። ለአያታችሁ በየወሩ ገንዘብ የምትልከው እናታችሁም ላኪ ናት። በንግድ ቋንቋ ግን «ላኪ» ሲባል የአገሩን ምርት ወደ ውጭ አገር የሚሸጥ ነጋዴ ማለት ነው። ከውጭ ገዝቶ የሚያመጣው ደግሞ «አስመጪ» ይባላል። ከገበሬው መንደር ቡና ሰብስቦ ለላኪው የሚያደርሰው «አቅራቢ» ነው። እነዚህን ሦስት ቃላት ካወቃችሁ፣ ዜና ላይ ስለ ንግድ ሲወራ ግማሹ ገባችሁ ማለት ነው።

ካርዱ እንዴት እጄ ገባ?

እኔ ነጋዴ አይደለሁም። የሶፍትዌር መሐንዲስ ነኝ። ሁለተኛ ዲግሪዬን ኔዘርላንድስ ተምሬ ወደ አዲስ አበባ ተመለስኩና ከሦስት ጓደኞቼ ጋር ትንሽ ቢሮ ከፈትን። ከደንበኞቻችን አንዷ ቡና ላኪ ናቸው። «ናቸው» የምለው በዕድሜ ስለሚበልጡኝ ነው፤ ሃምሳዎቹን አልፈዋል።

ቡና ላኪ ሶፍትዌር ምን ያደርግለታል? መልሱ ያለው አውሮፓ ነው። በ2023 በፈረንጅ አቆጣጠር የአውሮፓ ኅብረት ስለ ደን አንድ ሕግ አወጣ። ሕጉ ቡናን፣ ካካዎን፣ የፓልም ዘይትን፣ አኩሪ አተርን፣ ጎማን፣ እንጨትንና የቀንድ ከብትን ይመለከታል። ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 በኋላ ደን ተመንጥሮ በተተከለበት መሬት ላይ የበቀለ ቡና ወደ አውሮፓ አይገባም። ስለዚህ ቡናው የበቀለበት መሬት የት እንዳለ በቁጥር መታወቅ አለበት። ሕጉ ሥራ ላይ የሚውልበት ቀን ከአንድ ጊዜ በላይ ተራዝሟል። ገዢዎቹ ግን ቀኑን አልጠበቁም። «የመሬቱን ቦታ አሳዩን» ማለት የጀመሩት ቀደም ብለው ነው።

መሬቱ ከ4 ሄክታር ካነሰ አንድ ነጥብ ይበቃል። ነጥቡ የሚጻፈው በሁለት ቁጥሮች ነው፤ አንዱ ኬክሮስ፣ ሌላው ኬንትሮስ። ከነጥብ በኋላ ስድስት አሃዝ መኖር አለበት። ስድስተኛው አሃዝ መሬት ላይ ሲለካ ወደ 11 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ከእጃችሁ መዳፍ ብዙም አይበልጥም። የኢትዮጵያ ቡና ገበሬ አብዛኛው ትንሽ መሬት ነው ያለው። ስለዚህ የእኛ ሥራ ለእያንዳንዱ ገበሬ አንድ ነጥብ መሰብሰብ ነበር። በስልክ የሚሠራ መተግበሪያ ሠራን። መዝጋቢ ወጣቶች ከገበሬው ጋር ማሳው ድረስ ሄደው፣ እዚያ ቆመው፣ ስልኩን ይነካሉ። ቦታው ይመዘገባል።

ቀላል ይመስላል፣ አይደል? እኔም እንደዚያ መስሎኝ ነበር።

አንድ ነጥብ፣ 214 ሰው

ላኪዋ በዚያ ዓመት ከሚሸለሙት መካከል መሆናቸው ሲነገረን ቢሮው በደስታ ሞላ። ለእኛም ሁለት ካርድ ላኩልን። ጓደኞቼ «አንተ ሂድ» አሉኝ።

ከምሽቱ ሁለት ቀን በፊት፣ ሌሊት ላይ፣ ካርታውን ከፍቼ ነጥቦቹን ስመለከት አንድ ነገር ዓይኔን ያዘው። በጌዴኦ ዞን፣ ከአዲስ አበባ ወደ 400 ኪሎ ሜትር በስተደቡብ፣ አንድ የእሸት ቡና ማጠቢያ ጣቢያ አለ። (እሸት ቡና ማለት ከዛፉ የተለቀመ፣ ገና ያልደረቀ ቀይ ፍሬ ነው።) በዚያ ጣቢያ ከተመዘገቡት ገበሬዎች የብዙዎቹ ማሳ ካርታው ላይ አይታይም። ጠጋ ብዬ አየሁ። የ214 ገበሬ ማሳ አንድ ቦታ ላይ ተደራርቦ ተቀምጧል። ቦታው ማሳ አልነበረም። ጣቢያው ውስጥ ሚዛኑ የቆመበት ነበር።

ምን እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። ወቅቱ ዝናብ ነበር፤ የጌዴኦ ኮረብታ ደግሞ ሲዘንብ ያዳልጣል። መዝጋቢዎቹ ማሳ ለማሳ ከመዞር ይልቅ ሚዛኑ አጠገብ ተቀምጠው፣ ገበሬው እሸት ሊያስረክብ ሲመጣ እዚያው መዝግበውታል። በእነሱ አልፈርድም። ጥፋቱ የእኔ ነበር። መተግበሪያው «ይህ ቦታ ቀድሞ ተመዝግቧል፤ በእርግጥ ማሳው ላይ ነህ?» ብሎ መጠየቅ ነበረበት። ይህን ፍተሻ «በሚቀጥለው እትም እጨምረዋለሁ» ብዬ የተውኩት እኔ ነኝ።

ቡናው በዚያን ሰዓት አዲስ አበባ ደርሶ ኮንቴይነር እየጠበቀ ነበር። ላኪዋ ደግሞ ለሽልማቱ ምሽት ንግግር አዘጋጅተው ነበር። ረቂቁን ቀደም ብለው ልከውልኛል። አንዱ አረፍተ ነገር «የእያንዳንዱ ገበሬያችን ማሳ በካርታ ላይ አለ» የሚል ነው።

መደወል ነበረብኝ። አልደወልኩም። «ደስታቸውን ለምን አበላሻለሁ? ከሽልማቱ በኋላ እነግራቸዋለሁ» አልኩ ለራሴ። እውነቱን ለመናገር፣ ያሰብኩት ለእሳቸው ደስታ አልነበረም። ፈርቼ ነው።

እናቴ እና ቡና

እናቴ ለ17 ዓመት ቡና ለቃሚ ነበረች። «ለቀመ» የሚለው ቃል በቡና ሥራ ሁለት ቦታ ላይ ይገኛል። ገበሬው ቀዩን ፍሬ ከዛፉ ላይ ይለቅማል። ከተማ ያለችው ለቃሚ ደግሞ ከተፈለፈለው ቡና ውስጥ መጥፎውን ፍሬ ትለቅማለች፤ ጥቁሩን፣ የተሰበረውን፣ ነቀዝ የበላውን፣ የሸተተውን፣ ጠጠሩን። ዛሬ ፍሬን በቀለሙ የሚለይ ማሽን አለ። ቢሆንም የለቃሚ ሴቶች እጅ ገና ከቡና ሥራ አልወጣም።

እናቴ ስትናገር ሁለት መቶ ያህል ሴቶች በአንድ መጋዘን ውስጥ ተደርድረው ይቀመጡ ነበር ትላለች። ክፍያው በለቀሙት ልክ ነው። አንድ ኬሻ ቡና 60 ኪሎ ይመዝናል። (ኬሻ ማለት ከቃጫ የተሠራ ትልቅ ጆንያ ነው።) የእኔ ደብተር፣ የደንብ ልብሴ፣ የትምህርት ቤት ክፍያዬ ከዚያ ኬሻ ነው የወጣው። ኔዘርላንድስ እያለሁ አንድ ስኒ ቡና በገዛሁ ቁጥር የእሷን የቀን ደመወዝ ከዋጋው ጋር ማወዳደር ልማዴ ነበር። ጥሩ ልማድ አልነበረም፤ ቡናው አይጣፍጥም።

ካርዱን ሳሳያት ሳቀች።

«እኔ እዚያ ሄጄ ምን እሠራለሁ? የሀብታም ግብዣ አይደል?»

«የሚሸለመው ቡና ነው፣ እማዬ። ቡና ደግሞ ከአንቺ በላይ ማን ያውቃል?»

«ነጠላዬን አስጥልኝ እንግዲህ» አለች። በእናቴ ቋንቋ ይህ «እሺ» ማለት ነው።

አዳራሹ

በር ላይ ቀይ ምንጣፍ፣ ካሜራ የያዙ ወጣቶች፣ ሱፍ የለበሱ ሰዎች ነበሩ። አዳራሹ ውስጥ ክብ ጠረጴዛዎች ተደርድረዋል። በአንድ ጥግ ቄጤማ ተጎዝጉዞ፣ ረከቦት ቀርቦ፣ ቡና ይፈላል። እናቴ ከሁሉ በፊት የሄደችው ወደዚያ ነው።

ሽልማቱ በዘርፍ የተከፈለ ነበር፤ ቡና፣ አበባ፣ የቅባት እህል፣ ጥራጥሬ፣ ሥጋ፣ ቆዳ፣ ጨርቃ ጨርቅ። የቅባት እህል ማለት ዘይት የሚሰጥ እህል ነው። ከእነዚህ ዋናው ሰሊጥ ነው፤ በሰሜን ምዕራብ በሁመራና በመተማ አካባቢ በብዛት ይበቅላል። አበባው አብዛኛው ጽጌረዳ ሲሆን በአውሮፕላን ነው የሚሄደው። ኔዘርላንድስ ተማሪ ሆኜ ሱቅ ውስጥ ከኢትዮጵያ የመጣ ጽጌረዳ አይቼ፣ ሳልገዛ ለብዙ ደቂቃ ፊቱ ቆሜ አውቃለሁ። ናፍቆት እንዲህ ያደርጋል።

አንድ ባለሥልጣን ንግግር አደረጉ። በ2017 የበጀት ዓመት ኢትዮጵያ ከቡና ብቻ ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ አግኝታለች። (2017 የኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ በፈረንጅ ከጁላይ 2024 እስከ ጁላይ 2025 ማለት ነው።)

እናንተ «ለምንድነው ነጋዴ ገንዘብ ስላገኘ የሚሸለመው?» ትሉ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። ነዳጅ፣ መድኃኒት፣ ማሽን ከውጭ ሲገዛ ሻጩ ብር አይቀበልም፤ ዶላር ወይም ዩሮ ይፈልጋል። ይህ «የውጭ ምንዛሪ» ይባላል። አገር የውጭ ምንዛሪ የምታገኘው ዕቃ በመላክ፣ አገልግሎት በመሸጥ፣ እንዲሁም ውጭ ያለ ዘመድ በሚልከው ገንዘብ ነው። ስለዚህ ቡና ላኪው እና ዋሽንግተን ያለው አጎታችሁ አንድ ሥራ ይሠራሉ ማለት ይቻላል። ለአጎታችሁ ዋንጫ የሚሰጥ ግን የለም።

ባለፈው ምሽት የተቆጠረው ዶላሩና ቶኑ ነበር። አንድ ኮንቴይነር ወደ 320 ኬሻ ይይዛል፤ 19,200 ኪሎ መሆኑ ነው። ታጥቦ ለተዘጋጀ ቡና፣ አንድ ኪሎ የሚላክ ፍሬ ለማግኘት ወደ 6 ኪሎ እሸት ያስፈልጋል። ስለዚህ አንድ ኮንቴይነር ማለት ከ100,000 ኪሎ በላይ በእጅ የተለቀመ እሸት ነው። ኢትዮጵያ የባሕር በር ስለሌላት ኮንቴይነሩ እስከ ጂቡቲ ወደብ በየብስ ይጓዛል። ከዚያ በመርከብ ወደ ጀርመን፣ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ወደ አሜሪካ፣ ወደ ጃፓን ይሄዳል። እያንዳንዱን ስም በጠሩ ቁጥር ይህን ሁሉ እጅ አስብ ነበር። ከመድረክ ግን ለቃሚዎችን የጠቀሰ አልሰማሁም።

ላኪዋ እኛ ጠረጴዛ ላይ ነበሩ። እናቴን ሲያዩ ተነሡ።

«እንኳን ደህና መጡ፣ እትዬ። ልጅዎ ነው እንዴ ይሄ? ጎበዝ ልጅ ነው።»

«እንኳን ደህና ቆያችሁ። እኔ እንኳን እንግዳ አይደለሁም፤ ቡና ለቃሚ ነበርኩ» አለች እናቴ።

ላኪዋ ወንበራቸውን አስጠጉ። ስለ መጋዘኖች፣ ስለ ቀድሞ ዋጋ፣ በሚያዝያ ሙቀት መልቀም እንዴት እንደሚከብድ ያወሩ ጀመር። እኔ ምግቤን አልነካሁም።

«ኬሻው ተሰፍቷል?»

እናቴ ወደ እኔ ዞራ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ምን ሆነሃል?» አለችኝ።

ነገርኳት። ኬክሮስና ኬንትሮስ አላልኩም። «ማሳቸውን መዝግበናል ያልናቸው 214 ገበሬዎች በትክክል አልተመዘገቡም። ቡናቸው ግን ሊጫን ነው» አልኳት።

ትንሽ ዝም አለች።

«እንግዲያው ያልተለቀመ ቡና ኬሻ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው?»

«አዎ፣ እንደዚያ ነው።»

«ኬሻው ተሰፍቷል?»

«ገና ነው። ኮንቴይነሩ አልታሸገም።»

«ታዲያ ምን ተቀምጠህ ትበላለህ?»

«እየበላሁ አይደለም፣ እማዬ።»

«ያው ነው።»

ከዚያ አንድ ነገር ነገረችኝ። አንድ ጊዜ፣ የፋሲካ ዋዜማ ነበር አለች፣ ቶሎ ቤት ለመግባት ቸኩላ አንድ ኬሻ በደንብ ሳትለቅም አስረከበች። በር ላይ ስትደርስ እግሯ አልሄድ አላት። ተመልሳ ለተቆጣጣሪዋ ተናገረች። ኬሻው ተገልብጦ እንደገና ለቀመችው፤ የዚያን ቀን ሒሳቧም ተቆረጠ። «ግን ከበዓል በኋላ ተቆጣጣሪዋ የእኔን ኬሻ ከፍታ አይታ አታውቅም። ሳታይ ትቀበለኝ ነበር» አለች።

ተነሣሁ። ላኪዋን «እባክዎ ሁለት ደቂቃ ይስጡኝ» አልኳቸው። ወደ ኮሪደሩ ወጣን። ሁሉን ነገርኳቸው፤ ፍተሻውን የተውኩት እኔ እንደሆንኩም ጭምር።

«ስንት ገበሬ ነው ያልከው?»

«214።»

«ከስንት?»

«ከ1,930።»

«መቼ ነው ያወቅኸው?»

ይህን ጥያቄ ነበር የፈራሁት። «ከትናንት ወዲያ» አልኩ።

ፊታቸው ተለወጠ። አልጮኹም። «ሥራ ላይ ስህተት አለ። እኔም ብዙ ሠርቻለሁ። ሁለት ቀን ይዘኸው መቀመጥህን ግን አልወደድኩትም» አሉና ወደ አዳራሹ ተመለሱ። እኔ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። በሕይወቴ ብዙ ፈተና ተፈትኛለሁ፤ የማስተርስ ጥናቴን በፕሮፌሰሮች ፊት ተከላክያለሁ። እንደዚያ ኮሪደር ግን የከበደኝ የለም።

ስማቸው ሲጠራ ወደ መድረክ ወጡ። ዋንጫውን ተቀበሉ። ንግግራቸውን የያዘውን ወረቀት አወጡ፤ አየት አድርገው መልሰው አጠፉት። ለገበሬዎቻቸውና ለሠራተኞቻቸው ምስጋና አቀረቡ። ከዚያ «የገበሬዎቻችንን ማሳ በካርታ ላይ እያስቀመጥን ነው። ገና አልጨረስንም። እንጨርሳለን» አሉ። ሰው አጨበጨበ። ከዚያ ሁሉ ሰው «ገና አልጨረስንም» የሚለው ቃል ምን እንደሆነ የምናውቀው ሦስት ብቻ ነበርን።

ስንለያይ ላኪዋ የእናቴን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙ። «ልጅዎን በደንብ ነው ያሳደጉት፣ እትዬ። ሰኞ በሁለት ሰዓት ግን ቢሮዬ እፈልገዋለሁ» አሉ። (ሁለት ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ነው፤ እናንተ ጋ ከጠዋቱ 8 ሰዓት ማለት ነው።)

ታክሲ ውስጥ እናቴ ለብዙ ጊዜ ዝም ብላ ቆየች። የምትመክረኝ መስሎኝ ጠበቅኩ።

«እራቱ ጥሩ ነበር» አለች በመጨረሻ። «ቡናው ግን በደንብ አልተለቀመም።»

ኮረብታው ላይ

የዚያ ጣቢያ ቡና ከኮንቴይነሩ ወጣ። ጭነቱ ዘገየ፤ ላኪዋ ለገዢው ምክንያቱን ራሳቸው ጻፉለት። እኔና አንድ ጓደኛዬ ደግሞ ያለ ክፍያ፣ ለሦስት ሳምንት ጌዴኦ ወረድን።

ጌዴኦን ላላየ ሰው መንገር ይከብዳል። ገበሬው ቡናውን የሚተክለው ከእንሰት ጋር፣ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ነው። ከላይ ሲታይ ማሳው ደን ይመስላል። ይህ የጌዴኦ የአስተራረስ ባህል በ2023 በፈረንጅ አቆጣጠር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። አያችሁ ነገሩን? ደን እንዳይመነጠር የወጣው ሕግ፣ ዛፍ ጠብቆ የኖረውን ገበሬ «ደን አለመመንጠርህን አስረዳ» ይለዋል። ማስረጃው ደግሞ እኔ በግዴለሽነት የተውኩት ቁጥር ነው። ቁጥሩ ከሌለ የሚጎዳው እኔ አይደለሁም፤ እሱ ነው።

አንድ ሽማግሌ ማሳቸው ላይ ስልኬን እያዩ በአስተርጓሚ ጠየቁኝ። እዚያ የሚነገረው ጌዴኦኛ ነው፤ እኔ ደግሞ አልችልም።

«መሬቴን ለምንድነው የምትመዘግበው? ለግብር ነው?»

«አይደለም አባቴ። ቡናዎን የሚጠጣው ፈረንጅ ከየት እንደመጣ ማወቅ ይፈልጋል።»

ትንሽ አሰቡ። «እሱ የእኔን ማሳ ካየ፣ እኔስ የእሱን ቤት መቼ ነው የማየው?» አሉ። አስተርጓሚው ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። እሳቸው ግን አልሳቁም። ዛሬም መልስ የለኝም።

ከ214ቱ የ205ቱን ማሳ ቆመን መዘገብን። ዘጠኙን ማግኘት አልቻልንም። ጣቢያው የየቀኑን ቡና ለየብቻ ስለሚያደርቅ፣ የእነዚያ ዘጠኝ ሰዎች እሸት የገባባቸውን ቀናት ለይተን አወጣን። ያ ቡና ከአውሮፓ ውጭ ላለ ገዢ ተሸጠ። የቀረው ተጫነ። መተግበሪያው አሁን አንድ ቦታ ሁለተኛ ሰው ላይ ከተደገመ አይቀበልም። ይህን ፍተሻ ለመጻፍ የፈጀብኝ ግማሽ ቀን ነው። ግማሽ ቀን በመስነፌ ሦስት ሳምንትና የአንዲት ሴት እምነት ከፈልኩ። እምነቱ ቀስ በቀስ እየተመለሰ ነው። ሥራዬን ገና ሳያዩ አይቀበሉኝም።

ለእናንተ

ፍራንክፈርትም ሆናችሁ ሪያድ፣ ለንደንም ሆናችሁ ዋሽንግተን፣ የኢትዮጵያ ቡና የያዘ ከረጢት ስታገኙ ጽሑፉን አንብቡ። ይርጋጨፌ፣ ሲዳማ፣ ጉጂ፣ ሐረር፣ ሊሙ የሚል ይኖርበታል። እነዚህ የጣዕም ስሞች አይደሉም፤ ሰው የሚኖርባቸው ቦታዎች ናቸው። ካርታ ላይ ፈልጓቸው።

ቤት ውስጥ ቡና ሲፈላ ደግሞ እናታችሁን ወይም አያታችሁን በአማርኛ ይህን ጠይቁ፦ «ከቤተሰባችን ቡና የለቀመ ሰው አለ?» ከዛፉ ይሁን ከመጋዘኑ፣ ምናልባት ያልሰማችሁት ታሪክ ይወጣ ይሆናል። ቡናውን ከመቁላታቸው በፊትም ጎንበስ ብላችሁ አብራችሁ ልቀሙ። ጥቁሩን ፍሬ ስታገኙ ጣሉት። እናቴ እንደምትለው፣ አንድ የሸተተ ፍሬ ሙሉ ጀበና ያበላሻል።

ሳምንት በሰላም ያገናኘን።